ከታች የሚሄደው ዜማ፦ ቤዝ ጊታር እና የኢትዮጵያ ቅኝቶች

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል]

የዘመናዊ ሙዚቃ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀልቡን የሚሰጠው በመጀመሪያ ለድምፃዊው፣ ቀጥሎም ለሳክስፎኑ፣ ለሊድ ጊታሩ ወይም ለኪቦርዱ ሲሆን፣ ከእነዚህ ሁሉ ዝቅ ብሎ የሚጓዘው የቤዝ ጊታር ድምፅ ግን ከጆሮ ደርሶ ልብ ሳይባል ያልፋል። ይህ ትምህርታዊ ዝግጅት የሚመለከተው ያንን ልብ ያልተባለ ድምፅ ነው። ቤዝ ጊታር ምት ከመጠበቅና ሌሎችን ከመደገፍ አልፎ ራሱን የቻለ ዜማ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ፣ ይህ ጥበብ በኢትዮጵያ ቅኝቶች ውስጥ የተለየ መልክ የያዘው ለምን እንደሆነ፣ በዚህ ረገድ ስማቸው መነሳት የሚገባቸው ሙዚቀኞችም እነማን እንደሆኑ በቅደም ተከተል ይቀርባል። በዝግጅቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤዝ ጊታር በመልኩ ጊታርን የሚመስል፣ ነገር ግን አንገቱ የረዘመ፣ ክሮቹም የወፈሩና በተለመደው ዓይነቱ አራት ብቻ የሆኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ተብለው የሚቃኙ ሲሆን፣ እነዚህ የተራው ጊታር አራት ወፍራም ክሮች የሚሰጧቸው ድምፆች ሆነው፣ ልዩነታቸው የቤዙ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ማለቱ ነው። ኦክታቭ ማለት አንድ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ራሱን የሚደግምበት ርቀት ነው፤ የንዝረቱ ቁጥር በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ በአንድ ኦክታቭ ይወጣል። ይህ መሣሪያ ከመስፋፋቱ በፊት የዝቅታውን ሥራ የሚሠሩት በማርሽ ባንዶች ውስጥ ቱባ የተባለው ትልቁ የነሐስ መሣሪያ፣ በኦርኬስትራዎች ውስጥ ደግሞ ተጫዋቹ ቆሞ የሚጫወተው ኮንትራባስ ነበሩ። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ሲያቀርብ፣ በአንገቱ ላይ የተደረደሩት ፍሬት የሚባሉ የብረት ዘንጎች ጣት ያረፈበትን ድምፅ ትክክለኛ እንዲያደርጉ፣ የድምፅ ማጉያውም መሣሪያው ከድራምና ከነሐስ ጋር እኩል እንዲሰማ አስቻሉ። በአዲስ አበባም ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ቀጥሎ በሆቴሎችና በክለቦች የሚጫወቱ አነስተኛ ባንዶች ሲበዙ፣ ቤዝ ጊታር ከድራም፣ ከሊድ ጊታርና ከኦርጋን ጋር የባንዱ ቋሚ አባል ሆነ።

[አጭር የቤዝ ጊታር ድምፅ፤ ወፍራሙ ክር ብቻውን ይመታል]

የቤዝን ዜማ ለመለየት አስቀድሞ የዝቅተኛ ድምፅን ባሕርይ መረዳት ያስፈልጋል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይጫነው ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝም የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ርዝመት ይኖረዋል። ይህን ያህል የረዘመ ሞገድ በግድግዳ ጥግና በበር ዞሮ ያልፋል፣ በቀጭን ግድግዳ ውስጥም ብዙ ሳይቀንስ ይሻገራል፤ ከፍተኛ ድምፆች ግን አጫጭር ሞገዶች ስለሆኑ በመንገዳቸው የገጠማቸው ነገር ሁሉ ይገታቸዋል። በአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ከድንኳኑ ርቆ ለሚገኝ ሰው የዘፈኑ ግጥም ሳይለይ ቤዙና ድራሙ ብቻ የሚሰሙት በዚህ ምክንያት ነው።

በሬዲዮ በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። አቃቂ በኢትዮጵያ የብዙኃን መገናኛ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ ያላት አካባቢ ናት፤ የአገሪቱ የሬዲዮ ስርጭት በ1935 የተጀመረው በአቃቂ ከተተከለው ጣቢያ ነበር። ሬዲዮ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ለብዙ ኢትዮጵያውያን የዘመናዊ ሙዚቃ ዋና በር ቢሆንም፣ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ትንሽ ስፒከር የቤዝ ጊታርን ዝቅተኛ ድምፆች በሚገባ ማውጣት አይችልም። ይሁን እንጂ አድማጭ ቤዙን ፈጽሞ አያጣውም፤ ምክንያቱም አንድ ክር ሲመታ የሚወጣው ድምፅ አንድ ብቻ አይደለም። በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገበው ክር ከዚሁ ጋር የ82፣ የ123፣ የ164 እና ከዚያም በላይ የሆኑ ንዝረቶችን ያወጣል፤ እነዚህም ተደራቢ ድምፆች ይባላሉ። ትንሹ ስፒከር የታችኛውን ቢተው እንኳ ላይኞቹን ስለሚያሰማ፣ የሰው አንጎል በመካከላቸው ካለው እኩል ርቀት ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል፣ አድማጩም በቦታው የሌለውን ዝቅተኛ ድምፅ እንዳለ አድርጎ ይሰማዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዝግጅቱ ፍሬ ነገር መነሻ ይሆናል። ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ መሀል ከተማ በሚመላለሱ ሚኒባስ ታክሲዎች ውስጥ ከኋላ መቀመጫ ሥር የተገጠመ ትልቅ ስፒከር ደረትን ሲያንቀጠቅጥ፣ ተሳፋሪው የሚሰማው የቤዙን ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ግን የቤዙን ጥበብ አይለካም። የቤዝ ተጫዋች ጥበብ የሚለካው የትኞቹን ድምፆች እንደመረጠ፣ በምን ቅደም ተከተል እንዳገናኛቸው፣ የት ላይ እንደጀመረና የት ላይ ዝም እንዳለ በማስተዋል ነው። በትንሽ ሬዲዮም ሆነ በትልቅ ስፒከር ሳይጠፋ የሚቀረው ይህ ነው።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

የቤዝ ጊታር ተጫዋች በአንድ ዘፈን ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጫወተውን የድምፆች ቅደም ተከተል ሙዚቀኞች ቤዝ ላይን ይሉታል። በተለመደው አሠራር ቤዝ ላይን የተመሠረተው በመነሻ ድምፅ ላይ ነው፤ መነሻ ድምፅ የሚባለውም ኮርድ የተገነባበት የመጀመሪያው ድምፅ ሲሆን፣ ኮርድ ማለት ደግሞ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲደመጡ የሚፈጥሩት ውሕደት ነው። በምዕራባውያን የሮክ ሙዚቃ ውስጥ ቤዙ ብዙ ጊዜ የኮርዱን መነሻ ድምፅ ከድራሙ ትልቅ ከበሮ ጋር አብሮ ይመታና ለሌሎቹ መሣሪያዎች መቆሚያ ያበጃል። ዜማዊ የሚባለው ቤዝ ላይን ግን ከመነሻው ድምፅ ተነሥቶ በመሸጋገሪያ ድምፆች በኩል ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ድምፃዊው በሚተነፍስበት ክፍተት ውስጥ ሐረግ ያስገባል፣ አንዳንዴም ከዋናው ዜማ በተቃራኒ አቅጣጫ እየወጣና እየወረደ ለብቻው ሊዘመር የሚችል ሁለተኛ ዜማ ይሆናል።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለረጅም ዘመን በታወቀባት በአቃቂ ይህን ነገር በሽመና ቋንቋ ማስረዳት ይቀላል። በሽመና ድር በቁመት የሚወጠረው ክር ሲሆን፣ ማግ ደግሞ በአግድም እየተመላለሰ የሚሸምነው ነው፤ ድሩ ነጭ ሲሆን ከማጉ ሥር ይሸሸግና የተመልካች ዓይን በጥለቱ ላይ ብቻ ያርፋል፣ ድሩ ራሱ ቀለም ሲይዝ ግን ጨርቁን ተሸክሞ ሳለ የጌጡም ክፍል ይሆናል። ዜማዊ ቤዝ ቀለም የያዘ ድር ነው፤ የመሸከም ሥራውን ሳይተው ራሱም ይታያል።

በዓለም መድረክ ይህን መንገድ ካሰፉት መካከል ሦስት ሰዎችን መጥቀስ ይበቃል። በዲትሮይት ከተማ ለሞታውን ኩባንያ ይቀዳ የነበረው ጄምስ ጀመርሰን የቀኝ እጁን አመልካች ጣት ብቻ እየተጠቀመ፣ መነሻውን ድምፅ ትቶ በዙሪያው የሚሽከረከሩ ፈጣንና የማይደጋገሙ ሐረጎችን ፈጠረ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በብዙ ዘፈኖች ቤዙን ከሌሎች መሣሪያዎች በኋላ ለብቻው መቅዳት ስለጀመረ፣ ያለቀውን ዘፈን እየሰማ ባዶ የቀረውን ስፍራ በዜማ ለመሙላት ዕድል አገኘ። በኢትዮጵያ የቦብ ማርሊ አድማጮች ሳያውቁት የለመዱት አስተን ባሬት ደግሞ የቤዝን ዜማ ከሚመቱት ድምፆች እኩል በዝምታው ሠራ፤ የእርሱን ቤዝ ላይን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ በአፍ ማንጎራጎር የሚቻለው ሐረጎቹ አጭርና እስትንፋስ ያላቸው በመሆናቸው ነው።

[የክራር ድምፅ በትዝታ ቅኝት፤ ከ15 ሰከንድ በኋላ ይቆማል]

የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው በቅኝቶቹ አሠራር ነው። ቅኝት አንድ ዜማ የሚገነባባቸው የተመረጡ ድምፆች ስብስብ ሲሆን፣ አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል እና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፆች ብቻ አሏቸው። የትዝታ ዋናው ዓይነት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ የተባሉትን ይዞ ፋን እና ሲን ይተዋል። ይህ መተው ለቤዝ ተጫዋች ከፍተኛ ትርጉም አለው፤ ምክንያቱም በምዕራባውያን ተወዳጅ ሙዚቃ ውስጥ ቤዙ ዘወትር የሚመላለሰው በዶ፣ በፋ እና በሶል ላይ በሚገነቡ ሦስት ኮርዶች መካከል ሲሆን፣ ፋ በሌለበት ከሦስቱ አንዱ መነሻውን ያጣል፣ ሲ በሌለበት ደግሞ በሶል ላይ የሚገነባው ኮርድ ወደ ዶ የመመለስ ስበቱን የሚያገኝበት ድምፅ ይጎድለዋል። ከውጭ የተማረውን የኮርድ መንገድ እንዳለ ያመጣ ቤዚስት ትዝታን ሲያጅብ ከቅኝቱ ውጭ ይረግጣል።

አንቺሆዬ ደግሞ ነገሩን ከዚህም ያጠብቀዋል። ከዶ ሲነሣ በመጀመሪያ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን ሬ፣ ቀጥሎ ፋን፣ ከዚያ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን ሶል፣ በመጨረሻም ላን ይይዛል። የዓለም ቤዚስቶች ሁሉ የመጀመሪያ ትምህርት የሆነው ከዶ ወደ ሙሉው ሶል መመላለስ እዚህ የለም፤ ሙሉው ሶል ከቅኝቱ ውስጥ አልተገኘምና። አምባሰል ሙሉውን ሶል ቢይዝም፣ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚርቀው ሁለተኛው ድምፁ ቤዙ በዝቅታ ሲነካው ብርቱ ውጥረት ስለሚፈጥር፣ ተጫዋቹ ያንን ድምፅ መቼ እንደሚያሰማና መቼ እንደሚሰስተው በጥንቃቄ መወሰን አለበት።

ስለዚህ በኢትዮጵያ ቅኝት የሚጫወት ቤዚስት የኮርድ መነሻዎችን ተከትሎ መሄድ ስለማይበቃው፣ ከአምስቱ ድምፆች የራሱን ሐረግ ለመሥራት ይገደዳል፤ ከቅኝቱ ድምፆች የተሠራና እየተደጋገመ የሚሄድ ሐረግ ደግሞ በራሱ ዜማ ነው። በሌላው ዓለም ዜማዊ ቤዝ የጥቂት ባለ ተሰጥኦ ሰዎች ምርጫ ሆኖ ሲታይ፣ በኢትዮጵያ ግን የቅኝቱ ተፈጥሮ የጠየቀው ግዴታ ነበር። ይህ ግዴታ የወለደው ጥበብ ዛሬም ተገቢውን ግምት አላገኘም።

ዝቅ ባለ ድምፅ ዜማ መሥራትም ቢሆን ከኤሌክትሪክ መሣሪያ ጋር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም በስፋት የሚደመጠው ባለ አሥር ክሩ በገና በኢትዮጵያ የክር መሣሪያዎች መካከል ዝቅተኛውን ድምፅ የሚሰጥ ሲሆን፣ ክሮቹ በሚያርፉበት ስፍራ የሚደረጉት ትንንሽ ቆዳዎች ድምፁን እንዲነዝር ያደርጉታል። ደርዳሪው አንድን ሐረግ እየደጋገመ ከሥር ያስኬዳል፣ በላዩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቃሉን ያወርዳል፤ የቤዝ ጊታር ተጫዋች በባንድ ውስጥ የሚሠራው ተመላላሽ ሐረግ ከዚህ አሠራር ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። በገናን በማስተማርና በዓለም መድረኮች በማሰማት የታወቁት ዓለሙ አጋ የቀዷቸውን መዝሙሮች ያደመጠ ሰው፣ ዝቅተኛ ድምፅ አድማጭን ለብቻው ይዞ ለማቆየት የሚያስችል የዜማ ኃይል እንዳለው ይረዳል። ዛሬ በአዲስ አበባ የባህል ቡድኖች ውስጥ የሚታየው ቤዝ ክራርም፣ ማለትም ክሮቹ ወፍረው ዝቅ ተደርጎ የሚቃኘው ክራር፣ ይህንኑ ሚና በባህል መሣሪያ የሚወጣ ነው።

[የችክችካ ምት በከበሮ]

ከድምፅ ምርጫ ቀጥሎ የሚመጣው የምት ጉዳይ ነው። በአማርኛ ዘፈኖች ውስጥ እጅግ የተለመደው ችክችካ በስድስት ንዑስ ምቶች የሚቆጠር ሲሆን፣ ስድስቱን በሁለት መንገድ መክፈል ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ ሦስት ሲደረግ እርምጃው እንደ ሁለት ይሰማል፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ሲደረግ ደግሞ እንደ ሦስት ይሰማል። ከበሮውና ጭብጨባው አንዱን አከፋፈል ይዘው ሲሄዱ ቤዙ ሌላኛውን ቢይዝ፣ ወይም በአንድ ሐረግ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሻገር፣ አድማጩ ምክንያቱን ሳያውቀው ትከሻው ይነሣል፤ ሁለቱ አቆጣጠሮች በየስድስቱ ምት መጀመሪያ ላይ ተገናኝተው በመካከሉ ስለሚለያዩ ሙዚቃው ወደ ፊት የሚገፋ ኃይል ያገኛል። እስክስታ የሚወርደው ሰው አካሉን ከአንዱ አከፋፈል ወደ ሌላው ሲያሸጋግር የሚከተለው ብዙ ጊዜ ይህንን የቤዝና የከበሮ ግንኙነት ነው።

ሌላው የባህል ውርስ የአቀንቃኝና የተቀባይ ሥርዓት ነው። በሕዝብ ዘፈን አቀንቃኙ ሐረጉን ሲያወርድ ተቀባዩ ሕዝብ ጊዜውን ጠብቆ ይመልሳል፤ ጥሩ ቤዚስትም በባንድ ውስጥ እንደ ተቀባይ ሆኖ ድምፃዊው ሲዘፍን ሐረጉን ያሳጥራል፣ ድምፃዊው ሲያርፍ ደግሞ ቃል የሌለው መልስ ይሰጣል። ተጫዋቹ ዝም ማለትን ካላወቀ መልሱ ከጥያቄው ጋር ስለሚደራረብ ሁለቱም ይበላሻሉ። ስለዚህ የፈጠራ ብቃቱ ከጣት ፍጥነት ይልቅ በማድመጥ ችሎታ ላይ የቆመ ነው።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

ይህ አሠራር በተግባር የታየበት ዋና ምሳሌ አይቤክስ ባንድና እርሱን ተከትሎ የመጣው ሮሃ ባንድ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ቤዝ ጊታር የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ሲሆን፣ ከሊድ ጊታር ተጫዋቹ ከሰላም ስዩም ወልደማርያም ጋር የባንዶቹ ምሰሶ ነበር። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው “እረ መላ መላ” የተሰኘ አልበም በአይቤክስ ባንድ የታጀበ ሲሆን፣ ክራምድ ዲስክስ የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ በ1986 በአውሮፓ ሲያወጣው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ያለው አድማጭ የአገሪቱን ዘመናዊ ሙዚቃ ካወቀባቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሆነ። ሮሃ ባንድም ከማሕሙድ በተጨማሪ ለኤፍሬም ታምሩ፣ ለነዋይ ደበበና ለሌሎች ድምፃውያን በማጀብ የካሴት ዘመንን ድምፅ ከቀረፁት ባንዶች ግንባር ቀደሙ ሆነ። በዚያ ዘመን ያደገ ኢትዮጵያዊ የጆቫኒ ሪኮን ስም ባያውቅ እንኳ የጣቱን ሥራ ሳይሰማ አላደገም ማለት ይቻላል።

የእነዚህ ቅጂዎች አሠራር ለቤዙ ባሕርይ አስተዋጽኦ ነበረው። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ገደብ ስለነበር የሌሊት ሙዚቃ በሆቴሎች ውስጥ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ የሚዘልቅበት ጊዜ ነበር፤ ባንዶቹም ሌሊቱን ሙሉ አብረው ስለሚጫወቱ እርስ በርስ እስከ ትንፋሽ ድረስ ይተዋወቁ ነበር። ሲቀዱ ደግሞ በአብዛኛው ድምፃዊውና ሙዚቀኞቹ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጊዜ፣ በጥቂት ማይክራፎን ነበር። ማካርትኒ ያለቀውን ዘፈን ደጋግሞ እየሰማ ቤዙን ለብቻው ለመቅዳት ዕድል ሲኖረው፣ የአዲስ አበባው ቤዚስት ድምፃዊው የሚያደርገውን በዚያው ቅጽበት እያዳመጠ መልሱን በዚያው ቅጽበት መፍጠር ነበረበት። ስሕተት ቢሠራ የሚያበላሸው የሁሉንም ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ ጽኑ፣ ከቅኝቱ የማይወጣ፣ ነገር ግን ድምፃዊው ባልጠበቀው መንገድ ሲሄድ ሊከተለው የሚችል መሆን ነበረበት። ጽናትንና ቅልጥፍናን በአንድ ሐረግ ውስጥ ማዋሃድ የዚህ ትውልድ ቤዚስቶች ትልቁ ስኬት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ ነው። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ሲሆን፣ በ1977 “ቼ በለው” የተሰኘውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አሳትሟል። በዚህ አልበም ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን፣ ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን፣ ግርማ በየነ ፒያኖ፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ መላከ ገብሬም ቤዝ ተጫውተዋል። ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ የቤዝን ሥራ ለመመርመር እጅግ የተመቸ ነው፤ አድማጩን የሚወስድ ግጥም ስለሌለ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚለው ነገር በግልጽ ይለያል። ከአልበሙ “ሙዚቃዊ ስልት” የተሰኘው ቁራጭ በኋለኞቹ ዓመታት በአሜሪካና በአውሮፓ ባንዶች እንደገና መጫወቱ፣ ዘ ዳክታሪስ የተባለው የኒው ዮርክ ቡድንም በ1998 መቅዳቱ፣ በቅኝት ላይ የተመሠረተ ተመላላሽ ሐረግ ቋንቋውን በማያውቅ አድማጭ ዘንድ ያለውን ኃይል ያሳያል። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲጓዝ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ሲቀሩ መላከ ገብሬ አንዱ ነበር፤ ከኃይሉ መርጊያና ከሞገስ ሀብቴ ጋርም በዋሽንግተን ዙላ ባንድን መሠረቱ። ኃይሉ መርጊያ በ2020 “የኔ ምርጫ” የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ ቤዙን የተጫወተው ዓለምሰገድ ከበደ መሆኑ፣ ይህ የአጨዋወት መስመር ከትውልድ ወደ ትውልድ መሸጋገሩን ያመለክታል።

[የሙዚቃ መሸጋገሪያ]

ሦስተኛው ምሳሌ የሮክ ሙዚቃ ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር የተገናኘበት ነው። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል በሮክ፣ በደብና በጃዝ ዓለም የታወቀ ቤዚስትና የሙዚቃ አዘጋጅ ሲሆን፣ በ1983 የኸርቢ ሃንኮክን “ሮኪት” በማዘጋጀት ስሙ ገንኗል። በአማራ ክልል በቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው በ2001 በመድረክ ስሟ “ጂጂ” ተብሎ የወጣውን አልበም የሠራችው ከእርሱ ጋር ነው። ላስዌል የመጣበት የደብ ሙዚቃ ከጃማይካ ሬጌ የተወለደ አሠራር ሲሆን፣ በዚህ አሠራር ድምፃዊው ወደ ኋላ ተወስዶ ቤዙና ድራሙ ወደ ፊት ይወጣሉ። በ2003 ይኸው አልበም “ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ” በሚል ስም በላስዌል እጅ እንደገና ተቀናብሮ ሲወጣ፣ የእጅጋየሁ ድምፅ በርቀት እየታየ የሚጠፋ ሆኖ የታችኛው ክፍል ሰፊ ስፍራ አገኘ። ሁለቱን አልበሞች አከታትሎ ማድመጥ ለጆሮ ትምህርት ከሚሰጡ ልምምዶች ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ በመጀመሪያው ከዜማው ሥር የነበረው ነገር በሁለተኛው በግልጽ ስለሚታይ፣ አድማጭ ወደ መጀመሪያው ሲመለስ ያልሰማውን ይሰማል።

በ2012 ደግሞ ላስዌል በአዲስ ገሠሠ አስተባባሪነት የተቋቋመውን የጃኖ ባንድ “ኤርታሌ” የተሰኘ የመጀመሪያ አልበም አዘጋጅቷል። ጃኖ የሮክን የተዛባ የጊታር ድምፅና ከባድ ድራም ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ለማዋሃድ የተነሣ ባንድ ሲሆን፣ እዚህ ላይ የቤዝ ሥራ ከወትሮው ይከብዳል። የተዛባ ጊታር ተደራቢ ድምፆቹ እጅግ ብዙ ስለሆኑ የቅኝቱን ጥርት ያለ ባሕርይ ሊሸፍነው ይችላል፤ ቤዙ የቅኝቱን አምስት ድምፆች በግልጽ ይዞ ካልሄደ ሙዚቃው የትም አገር ሮክ ይሆናል፣ ይዞ ከሄደ ግን ከላይ ያለው ጩኸት ሁሉ በትዝታ ወይም በአንቺሆዬ ላይ እንደቆመ ይታወቃል። የሮክ ቤዚስት በኢትዮጵያ ሲሆን የቅኝቱ ጠባቂ ነው ማለት ይቻላል።

የዚህን መሣሪያ ትምህርት በአዲስ አበባ ለማስፋት የደከሙም አሉ። በአሜሪካ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምሮ የተመለሰው ቤዚስት ሄኖክ ተመስገን በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ውስጥ የቀድሞ ዘመን ዜማዎችን ከመጫወቱ ባሻገር፣ በጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በኩል ወጣቶችን በማስተማር ይታወቃል። ወጣት ቤዚስት የቅኝትን ሥርዓትና የዓለምን አሠራር ጎን ለጎን ሲማር፣ ያለፈው ትውልድ በሌሊት ልምምድ ያገኘውን እውቀት በመምህር ፊት ያገኘዋል።

[የመጨረሻው መሸጋገሪያ]

ቤዝን ማድመጥ ለሚፈልግ ሰው ቀላል ሥርዓት አለ። በመጀመሪያ ቃላቱን በሚገባ የሚያውቀውን ዘፈን መምረጥ ይኖርበታል፤ ግጥሙ አዲስ ካልሆነ ጆሮ ወደ ሌላ ነገር ለመዞር ነጻ ይሆናል። ኢርፎን ወይም ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ካለ እርሱን መጠቀም፣ ከሌለም በትንሽ ሬዲዮ በጸጥታ ማድመጥ ይችላል። በመጀመሪያው ዙር ከሥር የሚደጋገመውን ሐረግ ብቻ ፈልጎ በአፉ ያንጎራጉረው፤ ማንጎራጎር ከቻለ ዜማውን አግኝቶታል። በሁለተኛው ዙር ሐረጉ ከየትኛው ድምፅ ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ፣ ከድራሙ ጋር የት እንደሚገናኝ፣ ምቱንም እንደ ሁለት ወይስ እንደ ሦስት እንደሚከፍል ያስተውል። በሦስተኛው ዙር ድምፃዊው ሲተነፍስ ቤዙ ምን እንደሚያደርግ ይከታተል። በአይቤክስ፣ በሮሃና በዋልያስ ሥራዎች ላይ ይህን ልምምድ የደገመ አድማጭ ለዓመታት አውቀዋለሁ ያለው ዘፈን ሁለት ዜማ እንደነበረው ይገነዘባል።

የካሴት ሽፋን በዘመኑ በብዛት ይዞት የነበረው የድምፃዊውን ፎቶና የባንዱን ስም ነው፤ በዛሬው የስልክና የኢንተርኔት ዘመን ደግሞ ያም እንኳ እየቀረ የድምፃዊው ስም ብቻውን ይቀራል። አሳታሚዎች፣ የሬዲዮ አዘጋጆችና ሙዚቃን በኢንተርኔት የሚያሰራጩ ሁሉ የቤዝ ተጫዋቹን ስም ከድምፃዊው፣ ከዜማ ደራሲውና ከግጥም ደራሲው ጎን ማስፈር ይገባቸዋል። ጆቫኒ ሪኮ፣ መላከ ገብሬና መሰሎቻቸው አምስት ድምፆችን ብቻ በሚሰጥ ቅኝት ውስጥ፣ የሚከተሉት የኮርድ መንገድ ሳይኖር፣ የአንድ ትውልድን ዘፈኖች የተሸከሙ ዜማዎችን ፈጥረዋል፤ ይህ የፈጠራ ሥራ ነውና የፈጣሪዎቹ ስም በሥራው ላይ ሊጻፍ ይገባል።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]